የእንግሊዝኛ ጥያቄ ማበላሻ መንገዶች

የእንግሊዝኛ ጥያቄ አበላሽቶ መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አማርኛውን ይርሳ። አማርኛውን ካስታወሰ ጥያቄው የት ላይ እንደተጣመመ ይገባውና ያቃናዋል፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ይህ ነው፦ አማርኛን ሰዋስው እንደሌለው ቋንቋ ቁጠሩት።

ይህን ምክር አዲስ አበባ ውስጥ ከቦሌ እስከ አያት ባሉ ብዙ ቤቶች ሰዎች ሳያውቁት ይከተሉታል። ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ አማርኛ መናገር ይከለክላል፤ ቤት ሲመጣ ደግሞ ወላጆቹ በማይቀናቸው እንግሊዝኛ ሊያዋሩት ይታገላሉ። ልጁ በሁለቱ መካከል አንዱንም በቅጡ ሳይጨብጥ ያድጋል። ይህ ያሳዝነኛል፣ ያስቆጣኛልም። ከዚህ በታች የማነሳቸው አብዛኞቹ ስህተቶች ምክንያት አላቸውና፤ ምክንያቱ ደግሞ ያለው ያንኑ ልጅ እንዳይናገረው በከለከልነው ቋንቋ ውስጥ ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ከውጭ አገር ሰው ጋር ስትተዋወቁ «ሁ ኢዝ ዩር ኔም?» በሉት። በአማርኛ «ስምህ ማን ነው?» ስለምንል ፍጹም ትክክል ይመስላል። እኛ ስምን ከባለቤቱ አንለየውም፤ ሰውን በምንጠይቅበት «ማን» እንጠይቀዋለን። እንግሊዝኛ ግን ስምን ከነገር ወገን ስለሚቆጥረው «ዋት» ይላል። ይህን ልዩነት አንዴ የተረዳ ተማሪ ዳግመኛ አይስተውም። «ስህተት ነው» ብቻ የተባለው ግን ቢታረምም ቢታረምም ይመለስበታል።

ቀጥሎ «ነው»ን እንደያዛችሁ ተሻገሩ። አማርኛ ጥያቄን በ«ነው» ከፍሎ መጠየቅ ይወዳል፦ «የት ነው የምትሄደው?»፣ «ምንድን ነው የምትፈልገው?» ይህን ቃል በቃል ስታወርዱት «ዌር ኢዝ ዩ ጎ?»፣ «ዋት ኢዝ ዩ ዋንት?» ይወጣል። ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ባሉት ሱቆች የውጭ ደንበኛ ሲገባ ይህን የሚል ሻጭ አይጠፋም። ሻጩ በግምት አልተናገረም፤ «ነው» በነበረበት ቦታ ላይ «ኢዝ»ን በጥንቃቄ አስቀምጧል። እንግሊዝኛ እዚያ ቦታ ላይ የሚፈልገው ግን «ዱ»ን ነው።

ይህ «ዱ» የሚሉት ቃል ለእኛ ሰው ለምን እንደሚከብድ ግልጽ ነው። በጥያቄ ውስጥ ሲገባ የራሱ ትርጉም የለውም፤ አማርኛም አቻ አላበጀለትም። እንግሊዞች ራሳቸው ድሮ እንደዛሬው አጥብቀው አልያዙትም፤ በሼክስፒር ዘመን ዋናውን ግስ ወደ ፊት አምጥቶ ያለ «ዱ» መጠየቅም የተለመደ ነበር። ዛሬ ግን ግዴታ ሆኗል። ልታበላሹት ከፈለጋችሁ ጨርሳችሁ ተዉትና «ዌር ዩ ሊቭ?» በሉ። የአማርኛው «መጣህ» ድምፅ ከፍ ሲል ብቻ ጥያቄ ስለሚሆን፣ የእንግሊዝኛውም በድምፅ ብቻ የሚያልፍ ይመስላችኋል። ወይም ኃላፊ ጊዜን ሁለቴ አስገቡትና «ዲድ ዩ ዌንት?» በሉ። «ዲድ» ኃላፊ ጊዜውን ይዞት መጥቷል፤ ግሱ ወደ «ጎ» መመለስ ነበረበት። የታክሲ ረዳት አንዴ የተቀበለውን ሒሳብ ሁለተኛ እንደማይጠይቅ ሁሉ፣ «ዲድ» ከከፈለ ግሱ አይከፍልም። በዚህ መንገድ የተነገረው ተማሪ ወዲያው ይገባዋል፤ «ከረዳት ግስ በኋላ ጥሬው ግስ ይከተላል» የተባለው ግን ሐረጉን ሸምድዶ ይወጣና በር ላይ «ዲድ ዩ ሶው?» ይላል።

በትልቅ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተሸፈነ ጥያቄም አለ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ «ካን ዩ ቴል ሚ ዌር ኢዝ ዘ ቶይሌት?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው ይህ ስህተት መሆኑን እንኳ አይጠረጥርም። ትክክለኛው «...ዌር ዘ ቶይሌት ኢዝ» ነው፤ ጥያቄው ሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ቅደም ተከተሉ ወደ ተራው ይመለሳልና። አማርኛም እኮ ይህን ያደርጋል! ለብቻው ሲሆን «የት ነው?» እንላለን፤ ሲሸፈን «የት እንደሆነ ንገረኝ» ይሆናል። «የት ነው ንገረኝ» የሚል ሕፃን ብንሰማ እናርመዋለን። መምህራን ይህን አንድ ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ቢጽፉ ምን ያህል ድካም እንደሚቀንሱ ሳስብ፣ ለምን እንደማይጽፉት አይገባኝም።

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ግን አሉታዊ ጥያቄ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ባለ ሆቴል የሚሆነውን እንየው። በረራ ያመለጠው እንግዳ ሻንጣውን እየጎተተ ይገባል። «ዶንት ዩ ሃቭ ኤ ሩም?» ይላል። እንግዳ ተቀባይዋ ክፍል የላትም፤ በትሕትና አንገቷን ዝቅ አድርጋ «የስ» ትለዋለች። እሱ ፓስፖርቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። እሷ ፓስፖርቱን ታያለች፣ እሱን ታያለች፣ አሁንም «የስ፣ ሶሪ» ትላለች። እንግዳው «ሶሪ» ያለችው ስላስጠበቀችው መስሎት ቅጽ እስክትሰጠው ይጠብቃል። ሁለቱም ጨዋ ናቸው፤ ሁለቱም ትክክል ተናግረዋል ብለው ያምናሉ። በአማርኛ «ክፍል የላችሁም?» ለሚለው «አዎ፣ የለንም» ማለት የጠያቂውን ግምት ማጽደቅ ነው። በእንግሊዝኛ ግን መልሱ የሚከተለው እውነታውን እንጂ ጠያቂውን አይደለም፦ ካለ «የስ»፣ ከሌለ «ኖ»፤ ጥያቄው በምንም መልክ ይምጣ። ይህን የሆቴልና የበረራ ሠራተኞች በሥራ የመጀመሪያ ቀናቸው ሊነገራቸው ይገባል። የጸጥታ ሠራተኛ «ቦርሳህ ውስጥ ስለት የለም አይደል?» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ «የስ» ብሎ የሚመልስ መንገደኛ ቦርሳው ለምን እንደሚበረበር ሳይገባው ይቀራልና።

አርቲክል የሚባሉትን «ኤ»፣ «ኧን» እና «ዘ»ን ማበላሸት ደግሞ እጅግ ይቀላል። «አማርኛ ይህ ነገር የለውም» ብላችሁ እመኑ፣ ከዚያ እንደመጣላችሁ በትኗቸው። ይህ እምነት በየቋንቋ ማሠልጠኛው ይሰማል፤ ከእውነቱ ግን በእጅጉ ይርቃል። አያቶቻችን ተረት ሲጀምሩ ምን ይላሉ? «ከዕለታት አንድ ቀን አንድ አንበሳ ነበረ። አንበሳውም...» መጀመሪያ ሲመጣ «አንድ አንበሳ»፣ ከተዋወቅነው በኋላ «አንበሳው»። «ኤ» እና «ዘ» ዋና ሥራቸው ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ አማርኛ የሚታወቀውን ነገር በቃሉ መጨረሻ ላይ ምልክት ያደርግለታል፤ እንግሊዝኛ ከፊቱ ያስቀድማል። ቅጽል ሲጨመር የእኛው ምልክት ወደ ቅጽሉ ይሄዳል፣ «ትልቁ አንበሳ» ይሆናል፤ የእነሱ ግን ከፊት ሆኖ አይነቃነቅም። በተረት ያደገ ልጅ ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል።

ልዩነቱ በእውነት የሚፈጠረው ሥራን ስንናገር ነው። በአማርኛ «ሹፌር ነኝ»፣ «ነርስ ነኝ» ብለን እንጨርሳለን፤ «አንድ ሹፌር ነኝ» የሚል የለም። ስለዚህ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ «አይ አም አካውንታንት» ብላችሁ ጀምሩ። ጠያቂው እንግሊዝኛውን የለመደ ከሆነ «ኧን» እንደጎደለች በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይሰማዋል። ጎን ለጎንም «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «ፈርኒቸርስ»፣ «ኧን አድቫይስ» ማለትን አትርሱ፤ እኛ መረጃዎች፣ ዕቃዎች፣ አንድ ምክር እንላለንና።

«ኤ»ን ከ«ኧን» ለማምታታት የእንግሊዝኛውን ፊደል ብቻ እዩ፣ ድምፁን አትስሙ። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫም የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫም ስለሆነች ለዚህ የሚመች ቃል ሞልቷል። በየማስታወቂያው «ኧን ዩኤን ኦፊስ»፣ «ኤ ኤንጂኦ» ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱም ተገላብጠዋል። ማስተካከያው ግን እጃችን ላይ ነው። ቃሉን በፊደላችን ጻፉት። በአ ወይም በዐ ቤት ከጀመረ «ኧን» ነው፤ በሌላ ከጀመረ «ኤ» ነው። «ኤንጂኦ» በኤ ይጀምራል፣ ስለዚህ «ኧን»። «አወር» በአ፣ ስለዚህ «ኧን»። «ዩኤን»፣ «ዩኒቨርሲቲ»፣ «ዩሮፒያን» በዩ፣ ስለዚህ «ኤ»። ባለ አንድ መኝታ ቤት የሚያከራይ ሰው «ዋን» ብሎ በዋ ስለሚጽፍ «ኤ ዋን ቤድሩም» ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው አጻጻፉ የሚደብቅበትን ድምፅ የእኛ ፊደል ገልጦ ያሳያል። ይህን ለልጆች አለመንገር በእጅ ያለን መሣሪያ መጣል ነው።

የቦታና የድርጅት ስም ላይ «ዘ»ን ለመበተን የሚያስፈልገው ድፍረት ብቻ ነው። «ዘ ኢትዮጵያን ኤርላይንስ»፣ «ዘ ቦሌ ሮድ»፣ «ዘ ሌክ ታና» በሉ፤ ከአዋሽና ከአፍሪካ ኅብረት ላይ ደግሞ አንሱት። ትክክሉ ተቃራኒው ነው፦ አየር መንገዱ፣ መንገዱና ሐይቁ ያለ «ዘ» ይጠራሉ፤ ወንዞች፣ የተራራ ሰንሰለቶች፣ ኅብረቶች ይፈልጉታል። ሰሜን ተራሮች «ዘ» አላቸው፣ ራስ ዳሽን ብቻውን የለውም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የለውም፤ ጎንደር ግን ስሙ በ«ዩኒቨርሲቲ ኦፍ» ስለሚጀምር አለው። ይህ በጥናት የሚያዝ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

የመጨረሻው መንገድ ተማሪው ጨርሶ እንዳይጠይቅ ማድረግ ነው። ይህንን አገራችን በሰፊው ሞክራዋለች። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገው። ከዚያም በ1990ዎቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ገባ፤ በሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር፣ ይሮጥ ነበር፣ አይቆምም ነበር። እጅ ያወጣ ልጅ ከስክሪኑ መልስ አያገኝም ነበር። አንድ ትውልድ የሚማርበትን ቋንቋ ሳይጠይቅበት አደገ፤ ጥያቄ መመሥረት የሚለመደው ግን በመጠየቅ ብቻ ነው።

ፕላዝማ በሌለበት ደግሞ ሳቅ አለ። ገርጂ ወይም ሃያ ሁለት ያለ የማታ ክፍል ውስጥ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ «ዌር ኢዝ ዩ ጎ?» ሲል ከኋላ ሳቅ ይፈነዳል፤ ሰውዬው ይቀመጣል፤ በቀሩት ሳምንታት እጁን አያወጣም። ቀን ሲሠራ ውሎ፣ ከደመወዙ ከፍሎ የመጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሳቅ በዝምታ የሚያልፍ መምህር ሌላው ትምህርቱ ቢሳካም ይህ ተማሪ ጠፍቶበታል።

ለሚስቀው ሰው አንድ ጥያቄ ልስጠው፦ «ለእናትህ ስንተኛ ልጅ ነህ?» የሚለውን በእንግሊዝኛ ይጠይቀኝ። «ስንተኛ»ን የሚተካ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል የለም፤ ከወንድሞችህና ከእህቶችህ ስንቱ ይበልጡሃል ብሎ ዙሪያውን መሄድ አለበት። ሲዞር «ዱ» ያስፈልገው ይሆናል፣ «ዘ»ም ያስፈልገው ይሆናል፤ ያኔ አጠገቡ የተቀመጠውን ጎልማሳ ቢጠይቀው ይረዳዋል።