በርኖሱን ማን በላው?

የዘመድ ልጅ ሊያገባ ነውና ሽማግሌ ሆነህ ሂድ ተባልኩ። ለዚህ ያበቃኝ ሽበቴ ብቻ ነው። ግርማ ሞገስ ቢጨምርልኝ ብዬ የአባቴን በርኖስ ከሳጥን አወጣሁ፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ የመንዝ በግ ጠጉር። ስዘረጋው ትከሻው ወንፊት ሆኗል።

ከእጥፋቱ ውስጥ ጭድ የመሰለች ነገር ብር አለች። አክስቴ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ተነሡ።

«ብል ነው! ያዘው!»

ጫማው ብሉን ስቶ ብርሌውን አገኘው።

«እትዬ ይተዉት፣ እሱ እኮ አይበላም። ክንፍ ካወጣ አፉ አይሠራም።»

«ባልሠራ አፉ ነው ይሄን ሁሉ የጨረሰው?»

በሊታው ትሉ ነው። ሴቷ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 እንቁላል በክሮቹ መሐል ትጥልና ትሞታለች፤ መብረር ስለማይሆንላት ጨለማ ለጨለማ ትሮጣለች። ቤት ውስጥ ሲበር አይተን የምናሳድደው በአብዛኛው ወንዱን ነው። ትሉ ግን የሐር ክር እየፈተለ ዋሻ ሠርቶ ይበላል፤ ሙቀትና ምግብ ከተመቸው በሁለት ወር፣ ካልተመቸው ከ2 ዓመት በላይ ቆይቶ እዚያው ተጠቅልሎ ክንፍ ያወጣል። ጠጉርና ላባ የተሠሩበትን ኬራቲን መፍጨት የሚችል ሆድ ብዙ ፍጥረት አልተሰጠውም፤ ለዚህ ግን ተሰጥቶታል። ከሥር የነበረውን ንጹሕ የጥጥ ጋቢ ዞር ብሎም አላየው።

በርኖሱን ሳራግፍ ከአሸዋ የደቀቀ ጥቁር ኩስ ረገፈ፤ ኩሱ የበላውን ጨርቅ ቀለም ይይዛል። ደረቱ ላይ፣ አባቴ ወጥ የሚያንጠባጥብበት ቦታ፣ ከሌላው ሁሉ ብሷል። ላብና ወጥ የነካው ጠጉር ለትሉ ማባያ ያለው ነው። ሳያጥቡ ማስቀመጥ ድግስ መደገስ ነው።

አክስቴ ናፍታሊን ይገዛ አሉ። እኔ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ቀናት ቢቆይ እንቁላሉም ትሉም ይሞታል ብዬ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ በእሳቸው ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። ሽምግልናውን በፖሊስተር ኮት ሄድኩ፤ ቀጠሮ ሰጡን። ገና ከደጃፋቸው ሳልርቅ ስልኬ ጮኸ።

«ስማ አንተ፣ ዶሮ ገዝቼ መጥቻለሁ። የአባትህ ካፖርት ይውጣልኝ።»