የቁስቋም ባለአክሲዮኖች

ቁስቋም ሰፈር ባለሀብት በዝቷል። ቤቱ ያው ነው፣ ጣሪያው ያው ነው፣ የታክሲው ግፊያም ያው ነው፤ የተለወጠው ወሬው ነው። ድሮ ቡና ላይ የጤፍ ዋጋና የሰው ሠርግ ይነሣ ነበር። አሁን ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ "የትርፍ ድርሻ" ይመጣል፤ ሦስተኛው ላይ "የኔን እንኳ አልሸጥም" የሚል ይገኛል፤ ማንም ግን ሽጥልኝ አላለውም።

ነገሩ የጋመው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን በቴሌብር ለዜጎች መሸጥ ጀመረ፤ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን። አንድ ጎረቤታችን በ9,900 ብር ባለቤት ሆኑ። ኩባንያው ያለው አንድ ቢሊዮን አክሲዮን ነው፤ የእሳቸው 33 ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን "እነሱ" የሚለው ቃል ካፋቸው ጠፍቶ "እኛ" ሆኗል። "ዘንድሮ እኛ ገጠሩ ላይ ነው ያተኮርነው" ይላሉ፣ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ። የጓሮ ጎረቤታቸው አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ ካርድ አልቆብኛል፤ እባክዎ ለሠራተኞችዎ ይንገሩልኝ" ብትላቸው፣ ሳይስቁ "እናየዋለን" አሏት።

እንደ ቡናው ወሬ ከሆነ ሰፈራችን ያልገዛ የለም። ሽያጩ ሲዘጋ ግን በመላ አገሪቱ የገዛው 47,377 ሰው ነበር፤ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮንም የተሸጠው 10.7 ሚሊዮኑ ነው። "ገዝቻለሁ" ያለው የቁስቋም ሰው ሁሉ እውነቱን ከሆነ፣ ለቀረው ኢትዮጵያ የተረፈው ጥቂት ነው ማለት ነው።

በዕቁብ ያደጉ አንዲት እትዬ ደግሞ የባንክ አክሲዮን ገዝተው በየወሩ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ "የኔ ዕጣ መቼ ይወጣል?" አክሲዮን ተራ የለውም ቢባሉ አይገባቸውም። ኩባንያው ካተረፈና ጠቅላላ ጉባኤው ትርፉ ይከፋፈል ካለ ድርሻቸው ይደርሳቸዋል፤ ጉባኤው ካፒታል ማሳደጊያ ይሁን ካለ ይቆያሉ፤ ከከሰረ ደግሞ አብረው ይከስራሉ። ይህን የሰሙ ዕለት "ታዲያ ዳኛው ምን ይሠራል?" አሉ። ጥያቄያቸውን የሳቅንበት ያህል ቀላል አይደለም። የአክሲዮኑ ዳኛ ቦርዱ ነው፤ የቦርድ አባላቱን ግን ማን መረጣቸው?

መራጮቹማ እኛው ነን። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ባለአክሲዮኑ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሆቴል ይገባል። ሪፖርት ሲነበብ ያንቀላፋል፣ እጅ ይውጣ ሲባል ያወጣል፣ ምሳ ሲባል ይነቃል። ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያብረቀርቀውን ዓመታዊ ሪፖርት ይዞ ይመጣል፤ ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ የልጆች ደብተር ይሸፈንበታል። ስለዚህ የባንኩን ሀብትና ዕዳ መግለጫ ከዚያ ቤት ያነበበው ብቸኛ ሰው የሦስተኛ ክፍል ተማሪው ነው።

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ደወል ተደውሎ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ሆነ። ደወል ሲባል የቤተ ክርስቲያኑን ብቻ ለሚያውቀው ሰፈራችን ይህ አዲስ ነገር ነበር። ከሁሉ ቀድሞ የነቃው የመብራት ምሰሶ ተደግፎ የሚከራይ ክፍልና የቤት ሠራተኛ የሚያገናኘው ደላላችን ነው፤ በማግስቱ "አክሲዮንም አለኝ" ማለት ጀመረ። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ግን የዚህ ገበያ አገናኝ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያወጣ መሆን አለበት። ምሰሶ መደገፍ ፈቃድ አይሆንም። "በየቀኑ ትርፍ በስልክህ ይገባል" የሚሉትም የእሱ ዘመዶች ናቸው፤ ኩባንያ ትርፉን የሚያከፋፍለው ጉባኤው ሲወስን እንጂ በየቀኑ አይደለም።

ሰፈሩ ውስጥ ያልተሸወዱ አንድ አዛውንት አሉ። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን ይሸጥ ይለወጥ እንደነበር፣ በ1967 ዓ.ም. ደርግ ኩባንያዎቹን ሲወርስ ነገሩ እንዳከተመ ያስታውሳሉ። ምክራቸው አንድ ቃል ናት፦ "ይወረሳል!" ብራቸውን ፍራሽ ሥር አስቀምጠዋል። እዚያ የዋጋ ንረት በየዓመቱ እየመጣ ያለ አዋጅ ይወርሳቸዋል።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ይኸው ሕዝብ ሽሮ ሜዳ ወርዶ አንድ ጋቢ ሲገዛ ዘርግቶ፣ ወደ ፀሐይ አንሥቶ፣ ጥለቱን በጥፍሩ ፈትጎ፣ ሦስት ሱቅ ዞሮ፣ "ተወው" ብሎ ወጥቶ፣ ተጠርቶ ተመልሶ ነው። የዓመት ቁጠባውን አክሲዮን ላይ ሲያፈስ ግን የሚጠይቀው "እነማን ገዙ?" ብቻ ነው። የሽያጭ መግለጫው ላይ ኩባንያው በምን እንደሚያተርፍ፣ ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ ምን ሊያከስረው እንደሚችል ተጽፏል፤ ረጅም ስለሆነ "ቴሌግራም ላይ አጠር አድርገህ ላክልኝ" ይባላል።

እንግዲህ ወዳጄ፣ የምትገዛ ከሆነ ግዛ፤ ነውር የለበትም። ግን መጀመሪያ አንብብ። የልጅህን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይህንና የተበደርከውን ብር አታስገባበት፤ መሸጥ በፈለግህበት ቀን ገዢ ላይኖር፣ ቢኖርም ከገዛህበት በታች ሊጠራ ይችላል። ያለህን ሁሉ አንድ ኩባንያ ላይ አትከምር። ጉባኤ ስትሄድ ደግሞ ከምሳው በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቅ። ሪፖርቱን ጨርሰህ ስታነብ ደብተሩን ሸፍንበት።