ጋሼን ከጋቢና ያስነሣው ሞተር

ትልቅ ሰው ጋቢና ይቀመጣል። ሚኒባስም ይሁን የቤት መኪና፣ ወጣቱ ሳይነገረው ወርዶ ቦታ ይለቃል። ይህ ደንብ ውኃ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው ያየነው ሐምሌ ላይ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከአናፖሊስ ወደብ ወጣ ብለን ነው።

ጋባዣችን ዋሽንግተን ውስጥ ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ የኖረ ወዳጃችን ነው። ጡረታ ሲቃረብ ጀልባ ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ቀርቶ «ካፒቴን» ሆኗል። የባሕር ዳር ልጅ ስለሆነ ውኃ አይፈራም፤ ችግሩም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ጀልባዋ ካታሊና 22 ትባላለች፤ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ የምትረዝም ባለሸራ ናት። ከ15 ሺህ በላይ ስለተሠራች አዲስ አበባ ላይ ቮልስ ማለት ምን እንደሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ በትንንሽ ሸራ ጀልባዎች ዓለም እሷ ያው ናት።

ነፋስ ሲጠፋና ወደብ ሲገባ ሸራ ብቻውን አያወጣም። ስለዚህ ከኋላዋ ትንሽ ሞተር ይንጠለጠላል። ካፒቴን የገዛው ያገለገለ ነበር። ስለ ጉልበቱ ጠየቀ፣ ስለ ቤንዚን ፍጆታው ጠየቀ፣ ስለ ዋጋው ተከራከረ። ሻጩ ለሁሉም ደስ የሚል መልስ ነበረው። ስለ እግሩ ግን ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም።

የጀልባ ሞተር እግር አለው። ጭንቅላቱ ላይ ነዳጁ ይቃጠላል፤ ሻፍቱ በእግሩ ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ታች ያለውን ፕሮፔለር ያዞራል። የእግሩ ርዝመት የሚለካው ሞተሩ ከሚታሰርበት ሳንቃ አናት ጀምሮ ከፕሮፔለሩ በላይ እስካለችው ጠፍጣፋ ብረት ድረስ ነው። አጭሩ 15 ኢንች ነው፣ ወደ 38 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው፤ ረጅሙ 20፣ በጣም ረጅሙ 25። የካፒቴን አጭሩ ነው። ለዓሣ አጥማጅ ዝቅተኛ ታንኳ አይከፋም። የሸራ ጀልባ ግን ኋላዋ ከፍ ያለ ነው፤ ሞተሩም የሚንጠለጠለው ከጫፍ ስለሆነ፣ አፍንጫዋን ማዕበል ውስጥ በደፋች ቁጥር ጭራዋ ሽቅብ ይነሣል።

የዕለቱ የክብር እንግዳ ጋሼ ነበሩ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ደልደል ያሉ፣ በሕይወት አድን ጃኬታቸው ላይ ነጠላ የደረቡ ሰው ናቸው። ካፒቴን ክንዳቸውን ደግፎ አፍንጫዋ ላይ፣ ትራስ አድርጎ አስቀመጣቸው። ጋቢና መሆኑ ነው። ጠዋቱ ሰላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ተመርቆ የተከፈተውን ሰባት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ድልድይ ከሩቅ አየን፣ እንጀራ በጥቅል በላን።

ከሰዓት በኋላ ምዕራቡ ጠቆረ። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ቢረዝምም ጥልቀቱ በአማካይ ሰባት ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ውኃ ነፋስ ሲመታው አጫጭር፣ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ፋታ የማይሰጥ ማዕበል ያነሣል። ሸራውን አወረድን፤ ሞተሩ ተነሣ።

መጀመሪያ «ጉርርር» አለ። ወዲያው ጋሼ ያሉበት አፍንጫ ሲደፋ ፕሮፔለሩ ከውኃ ወጥቶ አየር እየቀዘፈ እሪ አለ። ሲመለስ ጉርርር፤ ደግሞ እሪ። ጀልባዋ ፈቀቅ አላለችም። ከሞተሩ ጎን ቀጭን የውኃ መስመር ትወርዳለች፤ ማቀዝቀዣው መሥራቱ የሚታወቀው በእሷ ነው። ሞተሩ በጮኸ ቁጥር መስመሯ ተቆራረጠች፣ ጠብ ጠብ አለች፣ ቆመች። ካፒቴን እሷን እያየ ላብ አጠመቀው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ወደ ኋላ ይምጡልኝ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ እርስዎ።»

«ልጄ፣ እኔ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ እንኳ ከሾፌሩ ኋላ ነው የምቀመጠው። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም። ኪሎዎን ፈልገን ነው።»

ይህ ለትልቅ ሰው የሚባል ነገር አይደለም። ጋሼ ግን ሰማዩን አዩ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡና በእጅ በጉልበታቸው ድኸው መጡ። ሞተሩ አጠገብ ዘፍ ሲሉ ጭራዋ ዝቅ አለ። ጉርርር። ውኃዋ ተመለሰች፤ ጀልባዋ መሄድ ጀመረች።

ጋሼ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። እኔ የላላውን ሸራ ላስር ወደ ፊት ሁለት እርምጃ ስሄድ ሞተሩ እሪ አለ።

«ተመለስ!» አሉ ጋሼ፤ «ሞተሬን ልታቃጥልብኝ ነው?»

ሸራው እየተርገበገበ ወደብ ገባን።

ውኃው ረጋ ሲል ካፒቴን ጋሼን ሊታረቅ ወሬ አመጣ። ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለ የኖርዌይ ተወላጅ፣ ዊስኮንሲን ሐይቅ ዳር፣ ወዳጁ ቤስ አይስክሬም አማረኝ ብትለው እየቀዘፈ ሄዶ እስኪመለስ ቀልጦበት፣ በዚያ ብስጭት የጀልባ ሞተር ሠራ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮም መሸጥ ያዘ።

«እሱ ለአይስክሬም ብሎ ሞተር ሠራ» አሉ ጋሼ፤ «አንተ ሞተር ይዘህ ሰው ታሠራለህ።»

ካፒቴን በማግሥቱ ማራዘሚያ ፍለጋ ወጣ። ነገሩ እግሩ መሐል የሚገባ ባለ 5 ኢንች ቁራጭ ነው፤ ሲሉት ቀላል ይመስላል። እግሩ ሲረዝም ግን ሻፍቱ መርዘም አለበት፣ ውኃ የሚስበው ቱቦ መርዘም አለበት፣ የማርሹ ዘንግም መርዘም አለበት። ቱቦው ካጠረ ሞተሩ ይቀቀላል፤ ዘንጉ ካጠረ ማርሽ አይገባም። ደግሞ ለሁሉም ሞተር ማራዘሚያ አይሠራለትም፤ ከተሠራለትም የዚያው ሞዴል መሆን አለበት። ሞተሩን የሚያወርደው ማንጠልጠያ ይውረድ እንዳይባል ድሮም መጨረሻው ላይ ነበር። ዕቃው፣ የመካኒኩ ዋጋና የቡሎኑ ዝገት ሲደመሩ ሒሳቡ አላዋጣም። አጭሩን ታንኳ ላለው ሰው ሸጠና ባለ 25 ኢንቹን ገዛ። እኔ ብጠየቅም ይህንኑ እመክራለሁ፤ ማራዘሚያ የሚያዋጣው ሞተሩ በጣም ጥሩ ሆኖ ዕቃው ከተገኘ ብቻ ነው።

ባለሸራ ጀልባ ላላችሁ አንድ አደራ፦ ሞተር ልትገዙ ስትሄዱ ሜትር ያዙ። ከዚያ በፊት ግን ጀልባችሁን ውኃ ላይ አድርጉና ደልደል ያለ ሰው አፍንጫዋ ላይ አቁማችሁ፣ ከሳንቃው አናት እስከ ውኃው ለኩ። ያቺ ጠፍጣፋ ብረት ያኔም ከውኃ በታች የማትቀር ከሆነ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢቀንስላችሁ አትግዙ።