የፖስት ካርድ አራዳ

ዘንድሮ አዲስ አበባ ውስጥ ካፌ የሚከፍት ሰው ከቡና ማሽኑ ቀጥሎ የሚገዛው ግድግዳ ሙሉ የሚሸፍን የድሮ ፒያሳ ፎቶ ነው። ከጥንት ፖስት ካርድ ተገልብጦ፣ ተለጥጦ፣ ሰዎቹ ከደንበኛው እኩል እስኪሆኑ ድረስ የተነፋ። ጥቂት መኪኖች፣ አንድ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ፣ አንዲት ባለ ጃንጥላ ወይዘሮ። ከሥሩ የተቀመጠው ወጣት ማኪያቶውን እያማሰለ ቀና ይልና «ወይ ፒያሳ! ያኔ ነበር መኖር» ይላል። ዕድሜው ሃያ ስድስት ቢሆን ነው።

«ያኔ» መቼ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ቢጠየቅም «በጃንሆይ ጊዜ» ብሎ ይገላገላል። ትንሽ ላስተዋለው ግን ፎቶው ዕድሜውን አይደብቅም። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ምኒልክ ፈረሳቸው ላይ ካሉ ከጥቅምት 1923 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ሐውልቱ የተመረቀው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነውና። ቤተ ክርስቲያኑ ኖሮ ፈረሱ ከሌለ፣ ወይ ከዚያ በፊት ነው፣ ወይ ጣሊያን ሐውልቱን ነቅሎ በቀበረበት በአምስቱ ዓመት። ማዘጋጃ ቤቱ ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ብቅ ካለ ደግሞ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲያ አይሄድም። አንድ ካፌ ውስጥ፣ እኔ በበኩሌ የአምስቱ ዓመት ነው ብዬ የምጠረጥረው ፎቶ ከሥሩ «ወርቃማው ዘመን» ተብሎ በወርቅማ ቀለም ተጽፎበት አይቻለሁ። ወርቁ የማን እንደነበረ ባለቤቱን አልጠየቅኩትም። ማኪያቶው ጥሩ ነበር።

ፖስት ካርዱ ከመነሻውም ለእኛ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። እንደ ሚሼል ያሉ አሳታሚዎች በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ የሐረርንና የአዲስ አበባን ፎቶ ካርድ ላይ ያተሙት ለፈረንጅ ነው፤ ጽሑፉም በፈረንሳይኛ ነው። አገራችን በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን የአራዳ ገበያ ከነሰዉ ከነአህያው በምኒልክ ቴምብር ባሕር መሻገሩ ቀለለው። ያን ጊዜ ገበያው እዚያው ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ወደ ዛሬው መርካቶ የወሰደው ጣሊያን ነው። እናም ቅቤ ልትሸጥ የመጣች አንዲት ባላገር፣ እሷ ከሱሉልታ ሳታልፍ፣ ምስሏ ፓሪስ ደርሶ የማታውቃቸው ሰዎች ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። ፓስፖርት አልተጠየቀችም፤ ስሟንም የጠየቃት የለም። ከሥሯ «የአቢሲኒያ ሴት» የሚል ነገር ይጻፋል፤ በቃ።

የእኛ ሰው ራሱ ፎቶ መነሳት ሲፈልግ ለብሶና አጊጦ ወደ ፎቶ ቤት ነበር የሚሄደው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም ቀጥሎ ልጆቹ ሐይጋዝና ቶኒ፣ የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ተራው ሕዝብም እንደ አቅሙ ከመጋረጃ ፊት ይቆም ነበር። መጋረጃው ላይ ምን እንደሚሳል የቤተሰብ አልበም ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሐይቅ፣ ፏፏቴ፣ የማይታወቅ አገር ተራራ። እደጅ ያለውን ፒያሳ የጠየቀ አልነበረም። ፒያሳ የሚኖረው ሐይቅ ዳር መነሳት ይፈልጋል፤ አገሩ ሐይቅ የሞላው ፈረንጅ ደግሞ ፒያሳን ይገዛል።

ካርዱም ብልጥ ነው። ክረምቱ እስኪወጣ፣ ጭቃው እስኪደርቅ ጠብቆ ነው የሚነሳው። ጣይቱ ሆቴልን ያሳያል፤ ራስ መኮንን ድልድይን ያሳያል፤ ከድልድዩ ሥር ያለውን ወንዝ ግን ያሳያል እንጂ አያስሸትትም። ደጃች ውቤ ሰፈርን በሌሊት ያነሳ ካርድ አልገጠመኝም። ዶሮ ማነቂያ ላይ በጄሪካን የተሰለፈ ሰው፣ ሠራተኛ ሰፈር ላይ ለሦስት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት፣ እነዚህን ለእናቱ «ደኅና ነኝ» ብሎ የሚልክ ቱሪስት የለም።

አንድ ወዳጄ ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ፣ አድጎ፣ የቀበሌ ቤቷን ጣሪያ ሲረግም ሸምግሏል። ኮንዶሚኒየም ሲደርሰው ፌሽታ አድርጎ ወጣ። አሁን ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ ፎቶ ሰቅሏል፤ «ሰፈሬ!» ይለኛል ዓይኑ እንባ አቅርሮ። የተሰቀለው ጣይቱ ሆቴል ነው፤ በኖረበት ዘመን ሁሉ አንዲት ምሳ ያልበላበት። በጥር 2007 የሆቴሉ አንድ ክፍል በተቃጠለ ማግስትም እኮ የከተማው ሰው ሁሉ የእቴጌይቱ ቋሚ ደንበኛ ሆኖ አደረ። ይህን ያህል ተመጋቢ በቁሙ ቢያገኝ ኖሮ ሆቴሉ ቅርንጫፍ በከፈተ ነበር።

የ2016ቱ የኮሪደር ልማት ግሬደር ይዞ ወደ ፒያሳ ሲመጣማ ለቅሶው የጋራ ሆነ። ለአርባ ዓመት ጣሪያ ያልቀየረ አከራይ፣ ኪራዩ እንዳይጨምር ብሎ ዝም ያለ ተከራይ፣ ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቧል ብሎ የተመለሰ ባለሙያ፣ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፍርስራሹን አነሳ። ቤቱ ለተነሺነት የበቃው በፈረሰ ቀን ነው። አፍራሹንም ነፃ አላወጣውም፤ ሰው ከዕድሩና ከጎረቤቱ ሲነጠል ጣሪያ ብቻ አይደለም የሚሄደው። ግን በካርድ መልክ የምንወደውን ቤት በቤትነቱ ጠልተነው እንደኖርን መካድ አይቻልም።

የአሮጌ ካርድ ነጋዴዎች ይህን ጠባያችንን አጥንተውታል። አንድ ሽማግሌ ከመንገድ ዳር ሻጭ ፊት ጎንበስ ብለው አንዱን ካርድ አነሱና «ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ! ልብስ ሰፊ ነበር» አሉ።

«አባባ፣ ካወቁት ይውሰዱታ።»

«ስንት ነው?»

«ሦስት መቶ ነበር። ዘመድ ከሆነ ግን አራት መቶ።»

ሽማግሌው ካርዱን መልሰው አስቀመጡት፤ የልብስ ሰፊውም ስም አብሯቸው ሄደ። ሻጩ አልጠየቃቸውም፤ እኔም ስስቅ አለፉኝ።

እናንተም ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር፣ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ፎቶ አለ። በዚህ እሑድ አውርዱትና እናታችሁን ወይም አያታችሁን «ይሄ ማነው? የት ነው?» እያላችሁ አውጣጧቸው። ስሙን፣ ሰፈሩንና ዓመተ ምሕረቱን ከጀርባው ጻፉ። በስክሪብቶ ግን አይሁን፣ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል፤ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ።