«ሰሞኑን ምን እያነበቡ ነው?» ቢባሉ

ይህ ጥያቄ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው የሚመጣው። ሠርግ ላይ፣ ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ካፌ ተቀምጠው ማኪያቶው ገና ሳይቀርብ፣ አንዱ ወንበሩን ጠጋ ያደርግና «እሺ፣ ሰሞኑን ምን እያነበቡ ነው?» ይላል። «ምንም» ብሎ መመለስ ነውር ነው። «ጊዜ የት አለ ብለህ ነው» የሚለውም አርጅቷል፤ ጠያቂው ራሱ ባለፈው ወር ተጠቅሞበታል። ስለዚህ ክቡር አንባቢ፣ ዝግጅት ያስፈልግዎታል። ዝግጅት ስንል መጽሐፍ ማንበብ እንዳይመስልዎ። እሱ ጊዜ ይፈጃል።

ዋናው ነገር የመጽሐፉ ምርጫ ነው። የሚመረጠው መጽሐፍ ጠያቂው ስሙን የሚያውቀው፣ ነገር ግን ያላነበበው መሆን አለበት። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ለዚህ ሥራ ተብሎ የታተመ ነው የሚመስለው። በ1962 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ «ከባድ ነው» የሚል ስም አለው፤ ከባድ የተባለ መጽሐፍ ደግሞ ሲያነሱት ብቻ ሰውን ያስከብራል። በዚያው በ1962 የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ወጥቷል። እሱን ግን በምንም ተአምር አይጥሩ። ያነበበው ሰው ብዙ ነው፤ ወዲያው ስለ አበራና ስለ ሉሊት ይጠይቅዎታል፤ ከዚያም አልፎ በአንዱ ወግኖ ይከራከርዎታል። «አደፍርስ»ን ሲጠሩ ግን ወሬው ጸጥ ይላል፤ ጠያቂው ራሱን በአክብሮት ነቅነቅ አድርጎ ስለ ኑሮ ውድነት ያነሳል።

አዳም ረታም ይሠራል፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ደራሲው አጻጻፉን ከእንጀራ ጋር አያይዞ «ሕጽናዊነት» ብሎ ሰይሞታል፤ ይህንን ቃል በትክክል መጥራት የቻለ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። «ግራጫ ቃጭሎች»ን አንስተው «እኔ ሕጽናዊነቱን ነው የወደድኩለት» ይበሉና ማኪያቶዎን ፉት ይበሉ። አደጋው አንድ ነው፦ የአዳም አንባቢዎች የአዳም አንባቢዎች ናቸው። የግርጌ ማስታወሻውን ሳይቀር የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ። የጠያቂዎ ፊት ላይ ያልተጠበቀ ብርሃን ካዩ፣ ከጥግ ያለው ጸጥተኛ ሰው ድንገት ወደ እርስዎ ከዞረ፣ ስልክ እንደተደወለልዎ ሆነው ይውጡ።

በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ሕጉ ይለያል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያወጡትን ይህን መጽሐፍ «አላነበብኩትም» የሚል አዋቂ በአገሩ የለም፤ ስለዚህ እርስዎም የመጀመሪያው መሆን አይኖርብዎትም። ደግነቱ ብዙ ሰው ያነበበው በጆሮው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ፕሮግራም ሲተርከው ቤተሰቡ ሁሉ ሥራ ትቶ ያዳምጥ ነበር፤ እስከ ዛሬም ቅጂው ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ወጋየሁ ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ ይጎረንናል፤ በዛብህን ሲሆን ይለሰልሳል። ይህንን የሰማ ሰው መጽሐፉን ከብዙ አንባቢ በተሻለ ያውቀዋል ብል አላፍርም። ሆኖም «ሰማሁት» አይበሉ። «አነበብኩት» ይበሉ፤ ጉዱ ካሣን ይጥቀሱ፤ «ያኔ የተናገረው ዛሬም ይሠራል» ብለው ይጨርሱ። ምን እንደተናገረ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

በአጠቃላይ ግን ከሁሉም የሚያዋጣው «ደግሜ እያነበብኩት ነው» የሚለው መልስ ነው። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይሏል ይህ ነው። መጀመሪያ ያነበቡት መቼ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ አሁን የዘነጉት ነገር ካለም «ለዚህ እኮ ነው የምደግመው» ይላሉ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትን «ጦቢያ»ን «ደግሜ እያየሁት ነው» ያለ ሰው ለዓመት ያህል ሌላ መጽሐፍ መጥራት አይጠበቅበትም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚባል ነገር ስለሌለ ማንም ወደ ኋላ ሄዶ ሊበልጥዎ አይችልም።

ጡረተኞች የተሰበሰቡበት ቦታ ከሆኑ ፖለቲከኞች የጻፉትን መጽሐፍ ያንሱ። የኮሎኔል መንግሥቱ «ትግላችን»፣ የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»፣ የፍቅረሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» ሁሉም ይሠራሉ። እዚያ ዙሪያ መጽሐፍ የሚገለጠው ከመጀመሪያው ገጽ አይደለም፤ የሚያውቁት ስም ከተጻፈበት ገጽ ነው። «አንብበውታል?» ከተባሉ ዓይንዎን ጠበብ አድርገው «ሰውየው ብዙ ነገር ደብቋል» ይበሉ። ደራሲው ማንም ይሁን ማን፣ ወገኑ የትኛውም ይሁን፣ ይህ አስተያየት ተቃውሞ ገጥሞት አያውቅም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰዓት መናገር የሚጠበቅብዎ ሌሎቹ ናቸው።

አሁን ወደ መጽሐፍ አዟሪው እንምጣ፤ የዚህ ሁሉ ዕቅድ ጠላት እሱ ነውና። አዲስ አበባ ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ከግራ እጁ መዳፍ ጀምሮ እስከ አገጩ የደረሰ የመጽሐፍ ክምር ይዟል፤ ጀርባቸው ወደ ውጭ ነው፤ ከአገጩ በታች ያለውን የላይኛውን መጽሐፍ በአገጩ ይጫነዋል። ቀኝ እጁ ነጻ ነው። ምንም ሳይናገር ጠረጴዛዎ አጠገብ ይቆምና ፊትዎን ያያል፤ ጫማዎንም ያያል፤ ከዚያ ከመሃል አንዱን፣ ክምሩ ሳይናጋ፣ መዘዝ አድርጎ ያወጣና ያስቀምጥልዎታል። የሚያወጣው መጽሐፍ ስለ እርስዎ ያለው ፍርድ ነው። ለአጠገብዎ ሰው የበዕውቀቱ ሥዩምን ሰጥቶ ለእርስዎ «ሀብታም የመሆን ምስጢር» የሚል ነገር ካወጣ ክርክር አይግጠሙ፤ ካፌ ይቀይሩ። ጓደኞችዎ ባሉበት ደግሞ «ያ ባለፈው የወሰዱት ክፍል ሁለቱ መጥቷል» ብሎ በስምዎ የሚያጋልጥዎም እሱ ነው። ክፍል ሁለቱ የምን እንደሆነ እኔና እርስዎ እናውቃለን።

ምክንያቱም፣ በመካከላችን ይቅርና፣ እውነት የሚያነቡት ሌላ ነው። የራስጌው መብራት የሚያውቀው መጽሐፍ አለ፦ የተተረጎመ የስለላ ታሪክ፣ ልጅት ሀብታም ቤት ተቀጥራ የምትገባበት የፍቅር ልብ ወለድ፣ የሥነ ልቦና ምክር። ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ መጻሕፍት ዋጥ አድርጎ ያደገ ትውልድ ዛሬ ስብሰባ ላይ ስለ ሥነ ጽሑፍ ሲያወራ ስማቸውን አያነሳም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ትኩሳት» በጋዜጣ ተሸፍኖ ነው የሚነበበው፤ ከተነበበ በኋላ ግን «ስብሐት ትልቅ ሰው ነበር» ይባልና ስለ ሰውየው ነጻነት እንጂ ስለ መጽሐፉ አይወራም። እርስዎም ይህንን ሥርዓት ያክብሩ። የወደዱትን መጽሐፍ በአደባባይ መውደድ ለጀማሪ የማይመከር ድፍረት ነው።

«አሪፍ ነው፣ አንብበው» ብለው ለሰው ቢጋብዙ ደግሞ መዘዙ ብዙ ነው። ወዲያው «እስቲ አውሰኝ» ይመጣል። መጽሐፍ በአገራችን ሲዋስ የሚሄድበት መንገድ ይታወቃል፤ ተዋሹ ወስዶ ለሚስቱ እህት ያውሳል፣ እሷ ደብረ ብርሃን ይዛው ትሄዳለች፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ የራሱን ኑሮ ይኖራል። አንዳንዱ ሰው ሽፋኑ ውስጥ ስሙንና ስልኩን ጽፎ፣ ከሥሩም «መልሱልኝ» ብሎ ይለምናል። ይህ የሚጠቅመው አንድ ቀን አሮጌ መጽሐፍ ተራ ላይ የራስዎን መጽሐፍ ሲገዙ በእጅ ጽሑፍዎ እንዲያውቁት ነው።

ዘመናዊው ጥያቄ ግን «ፒዲኤፉ አለህ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ፈጽሞ አያመንቱ፤ አለኝ ይበሉና በቴሌግራም ይላኩ። ደራሲው ለዓመታት ተቀምጦ የጻፈው፣ ከዘመድ ተበድሮ በራሱ ገንዘብ ያሳተመው፣ ከማተሚያ ቤት በላዳ ጭኖ ወደ ቤቱ የወሰደው መሆኑ እርስዎን አይመለከትም። ፋይሉን ሲልኩ «ደራሲያንን እናበረታታ» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ቢጨምሩ ግን መልካም ነው። ደራሲው ራሱ በአንዱ ግሩፕ ውስጥ አግኝቶት ሊያነበው ይችላል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም የሚሉ አሉ። አይስሟቸው፤ ድሮማ የባሰ ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲለቀም፣ በዓሉም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ሲቀር፣ መጽሐፉን ይዞ መገኘት ራሱ ያስፈራ ነበር፤ ሰው ግን ኮት ውስጥ እየደበቀ ተቀባበለው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ማንም ሊያየው በማይችልበት ቦታ ማንበብ ምን ጥቅም አለው? ነቢይ መኮንንም እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ አንድ ሙሉ ወፍራም ልብ ወለድ ተረጎመ፤ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ማንን ለማስደመም ነበር? እስረኞችን? እነዚህ ሰዎች የንባብን ማኅበራዊ ጠቀሜታ ፈጽሞ ያልተረዱ ናቸው ብዬ አልፋቸዋለሁ።

ይህ ዓይነቱ ሰው ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ በጥሞና ያዳምጡ። በሚሠሩበት ሕንፃ በር ላይ ጥበቃው ተቀምጧል። እጁ ላይ አንድ መጽሐፍ አለ፤ ሽፋኑ ከተቀደደ ስለቆየ በብስኩት ካርቶን ተተክቷል፣ ጀርባው በመርፌና ክር ተሰፍቷል። መስመሩን በአውራ ጣቱ እየተከተለ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። እርስዎ ሲያልፉ ብድግ ይልና «ጋሼ፣ ይቺን ‹ኦሮማይ› የሚሏትን አንብበዋታል?» ይላል።

እርስዎም በልማድ «ደግሜ ሁሉ አንብቤዋለሁ» ይላሉ።

«እሰይ! እንግዲያው ይንገሩኝ። ሰውየው ግን አያናድድም? እጮኛው አዲስ አበባ እየጠበቀችው አስመራ ላይ እንዲህ ይሆናል? ይቺስ ፊያሜታ፣ መጨረሻዋ ምን ሆነ? የኔ ላይ ከኋላ ተገንጥሏል።»

ሊፈትንዎት አይደለም። ልጅቷ አሳስባው ነው፤ ከትናንት ሌሊት ተረኛነቱ ጀምሮ። ለዚህ ሰው ያዘጋጀነው መልስ የለም። ስለ ደራሲው መጥፋት ቢነግሩት ያዝናል፤ ነፍስ ይማር ይላል፤ ከዚያ «እሷስ?» ይላል። «ሥነ ጽሑፋዊ ፋይዳው» ብለው ቢጀምሩ ጨርሰው እስኪናገሩ በትዕግሥት ይጠብቅና «እሷስ ጋሼ?» ይላል። ስብሰባ አለብኝ ብለው ቢገቡ፣ ሲወጡ እዚያው ነው።

ነገ በኋላ በር ይግቡ። ምሳ ሰዓት ላይ ያ አዟሪ ካፌው በረንዳ ላይ ሲመጣ ጥጉን ይዘው «‹ኦሮማይ› ይዘሃል?» ብለው በቀስታ ይጠይቁት፤ ዋጋ አይከራከሩ፣ ፊቱንም አይዩ። ሙሉውን ማንበብ አይጠበቅብዎትም። ከኋላ ይጀምሩ፤ የተጠየቁት እሱን ነው።