ቡሽ ላስቸገረዎት

የበዓል ወይን ሲከፍቱ ቡሹ ተፈርፍሮ ግማሹ ጠርሙሱ ውስጥ ቀርቶብዎት፣ በእንግዳ ፊት አፍረው ያውቁ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የራስዎን ቡሽ ያምርቱ። ዛሬውኑ ከጀመሩ ከ43 ዓመት በኋላ ይደርስልዎታል።

መሬት የሚፈልጉት ፖርቱጋል ነው፤ ቢቻል አሌንቴዡ በሚባለው ሞቃት ክልል። ከዓለም ቡሽ ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ከዚያች አገር ነው። ቡሽ የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ችግኙን ይተክሉና 25 ዓመት ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ የሚገፍፉት ቅርፊት ሻካራ ስለሆነ ለወይን ጠርሙስ አይሆንም። አይዘኑ፣ 9 ዓመት ይጨምሩ። ሁለተኛውም አይሆንም። 9 ዓመት ይድገሙ። ሦስተኛው የእርስዎ ነው። ካልደረሱበት የልጅ ልጅዎ ይደርስበታል፤ ዛፉ እንደሆነ 200 ዓመት ሊኖር ስለሚችል አይቸኩልም።

ቅርፊቱ የሚገፈፈው በመጥረቢያ ነው። ከሥሩ ያለውን ሕያው ክፍል የነካ ሰው ዛፉን ይጎዳል፤ ስለዚህ መጥረቢያውን «እስቲ እኔ ልሞክር» ለሚል አማች አይስጡ። ሲጨርሱ የዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ ግንዱ ላይ በቀለም ይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የተገፈፈ 4 ይጻፍበታል፤ እስከ 2033 የሚነካው የለም። ከ9 ዓመት በፊት መግፈፍ በሕግ ክልክል ነው፤ «በእኛ አቆጣጠር አንብቤው ነው» የሚለው ማመካኛ እንደማያዋጣ ከወዲሁ ልንገርዎ።

ይህ ሁሉ ለአንድ ውታፍ? የአረቄ ጠርሙስማ በበቆሎ ቆረቆንዳም ይወተፋል ይሉኛል። ልክ ነዎት። ግን ቆረቆንዳን ማን በማይክሮስኮፕ አየው? ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ የቡሽ ስስ ቁራጭ አይቶ፣ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩትን ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ1665 በታተመ መጽሐፉ «ሴል» አላቸው። ተማሪ ሁሉ የሚሸመድደው ቃል ከውታፍ የተገኘ ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ አየር የያዙ 40 ሚሊዮን ያህል ዝግ ክፍሎች አሉ። ቡሽ ሲጫኑት እንደ ጎማ ወደ ጎን አይለጠጥም፤ ሲለቁት ይመለሳል። የጠርሙሱን አንገት ግጥም አድርጎ የሚይዘው ለዚህ ነው። (በነገራችን ላይ «ውታፍ ነቃይ» የሚለውን ስድብ ያወጣ ሰው የወይን ቡሽ ነቅሎ አያውቅም፤ ሙያ ነው።)

ትርፍ ካገኙ ገበያ አይቸግርዎትም። የቢሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የጫማ ሶል፣ የባድሜንተን ላባ የሚሰካበት ጫፍ ሁሉ ቡሽ ይፈልጋል። የጌታቸው መኩሪያን የሳክስፎን ሽለላ ሲሰሙም ያስታውሱት፤ የሳክስፎን አፍ የሚገጠምበት አንገት የሚጠቀለለው በቡሽ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ቆርኪ ነው። የባልቲሞሩ ዊልያም ፔይንተር እ.ኤ.አ. በ1892 የባለቤትነት መብት ሲያወጣለት፣ የቆርቆሮው ውስጥ ስስ የቡሽ ንጣፍ ነበረው፤ በእንግሊዝኛም «ክራውን ኮርክ»፣ ባለ ዘውድ ቡሽ ተባለ። በኋላ ቡሹ በፕላስቲክ ተተካ፤ ስሙ ብቻ ቀረ።

እንግዲህ ችግኙ ተተክሎ፣ ቀሪው 42 ዓመት ከምናምን ነው። እስከዚያው እንግዳ ከመጣብዎት ቢራ ያቅርቡ።