አንድ ባልዲ ባሕር

የመርከብ ኤሌክትሪክ ባለሙያው ለዕረፍት አገሩ በገባ በሳምንቱ፣ ደብረ ማርቆስ ያለ ወዳጁ ለማሠልጠኛ ያመጣውን የመርከብ ሬዲዮ እንዲተክልለት ጠራው። ከመርካቶ አንድ ጥቅል ጠፍጣፋ መዳብ ገዝቶ ማልዶ አውቶቡስ ተሳፈረ። ጥቅሉን ፖርቶመጋላ ላይ ለማስጫን ስላልጨከነ እንደ ሕፃን ታቅፎት ተቀመጠ።

አጠገቡ ጋቢ የተከናነቡ የሉማሜ አዛውንት ነበሩ። እስከ ጎሐ ጽዮን ታገሡ፤ አውቶቡሱ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲል ግን ትዕግሥታቸውም አብሮ ወረደ።

«ልጄ፣ ለአረቄ ማውጫ ነው?»

«የለም አባባ፣ ለሬዲዮ ነው። ግራውንድ።»

«እኔማ አረቄው በየት በኩል ሊፈስ ነው እያልኩ ነበር።»

ባለሙያው ማስረዳት ጀመረ። የጀልባ ሬዲዮ ከአንቴናው ሌላ ሞገዱ የሚደገፍበት «መሬት» ይፈልጋል፤ ባሕር ላይ ያ መሬት ጨዋማው ውሃ ነው። የባሕር ውሃ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ከጣና ውሃ ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ወደዚያ የሚያደርሰው ሽቦ ግን ወፍራም ስለሆነ ብቻ አይበጅም። የሬዲዮ ሞገድ የሚሄደው በመዳቡ ቆዳ ላይ ነው፤ በ4 ሜጋኸርዝ ዘልቆ የሚገባው 0.03 ሚሊሜትር ያህል ብቻ። ስለዚህ ስስ፣ ሰፊና አጭር ይመረጣል።

«እንደ እንጀራ በለኛ!» አሉ አዛውንቱ።

ወዲያው ከፊታቸው በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ብቅ አለ። አዛውንቱ ድልድዩን የያዙትን ገመዶች በዱላቸው ጠቆሙ። «ጃፓን ግን ድቡልቡሉን መርጧል።»

«አባባ፣ የእነሱ ድልድይ ተሸካሚ ነው፤ የኔው ወሬ ተሸካሚ።»

ደጀን ላይ ምሳ በሉ፤ ሒሳቡን አዛውንቱ ከፈሉ።

ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለው ደብረ ማርቆስ ሌላ ፈተና ይዞ ጠበቀው። ሬዲዮው የሚተከለው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በየካቲት ፀሐይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣ ዋልካ ላይ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሸሻል፤ የተቀበረውን የመዳብ ዘንግ ለቅቆት ይቆማል። የግራውንዱን ተቃውሞ የሚያነበው መለኪያ ቁጥሩን ሰቅሎ አልወርድም አለ።

ዘበኛው ትንሽ ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ የመብራት ሠራተኞች ከሰልና ጨው ሲጨምሩበት አይቻለሁ» አለ።

ጨው መዳብ እንደሚበላ፣ ክረምት ሲገባም ታጥቦ እንደሚሄድ ባለሙያው ያውቃል። ቢሆንም ሌላ ባሕር ከየት ይመጣል? ከሰሉን አብዝቶ፣ ጨዉን ቀንሶ፣ ውሃ አፈሰሰበት። ቁጥሩ ወረደ።

«ይህን ባሕር በስንት ቀኑ ልሙላው?»

«በሳምንት አንድ ባልዲ።»

በአራተኛው ቀን ዘበኛው አዲስ አበባ ደወለ፦ «ጋሼ፣ የጎረቤት ላም ባሕሩን እየላሰችብን ነው።»